የክረምቱ መገባደድና የአየሩ መሞቅ፤ በደጋው፥ በቈላውና በባሕር ጠረፍ

ከሰኔ መገባደጃ ጀምሮ በኤርትራ ደጋ ላይ እንደ ድንኳን ተዘርግቶ የሚሰነብተው ደመና፥ ነሐሴ ሲጋመስ ከጫፍ ጫፉ መሳሳት ይጀምራል። በየቀኑ ከቀትር በኋላ ይመጣ የነበረው ዝናብ በሁለት ቀን፥ ከዚያም በአራት ቀን አንድ ጊዜ ይሆናል፤ ነጐድጓዱም እየራቀ ይሄዳል። ጳጉሜን ገብቶ ሕፃናት በሩፋኤል ዕለት በዝናብ ለመጠመቅ ወደ ሰማይ ሲያንጋጥጡ፥ አንዳንዱ ዓመት ጠበሉን ይሰጣል፤ አንዳንዱ ዓመት ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ይውላል። ከዚህ በኋላ አደይ አበባ በየሜዳው ይፈነዳል፤ በካፖርት ይወጣ የነበረውም ሰው በቀትር ጊዜ ካፖርቱን በክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይታያል።

በዚህ ወራት የሚነገሩት የአየር ጠባይ መግለጫዎች ባንድ ቃል የተስማሙ ይመስላሉ፤ ይኸውም «ለስላሳ የነበረው አየር ወደ ሙቀት ያዘነብላል» የሚል ነው። ቃሉ ሐሰት የለበትም። ሆኖም ከምጽዋ ወደብ እስከ አሥመራ ያለው የመኪና መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ አንዱ ጫፍ ከባሕር ወለል ጋር የተካከለ፥ ሌላው ጫፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ፥ ባንድ ቃል የተነገረ ትንበያ ለሁለቱ ጫፎች አንድ ትርጉም ሊሰጥ አይችልም። እህል በመጋዘን ያከማቸ ነጋዴ፥ የወረዳውን አዝመራ የሚገምት አስተዳዳሪ፥ ከወደቡ ጨው የሚያስጭን ወኪል፥ እያንዳንዱ ከዚህ ቃል የሚፈልገው ሌላ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያሻል።

በመጀመሪያ የሚያስደንቀው፥ በደጋው ላይ «ሙቀት» የሚባለው ለውጥ በቁጥር ሲታይ እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። በአሥመራ ክረምቱ በበረታበት ጊዜ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ21 እስከ 22 ዲግሪ ሳንቲግራድ ሲሆን፥ በመስከረም ወደ 23 ዲግሪ ይጠጋል፤ በጥቅምትም መልሶ ዝቅ ይላል። ለአንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ለውጥ መግለጫ ማውጣትና ማንበብ ምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ቢነሣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው የነገሩን ጅራት ነው፤ ራሱ ያለው ከደመናው ላይ ነው።

አሥመራ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ15 ዲግሪ ከሢሶ ያህል ላይ ስለምትገኝ፥ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል በአናትዋ ላይ ታልፋለች፤ አንዱ በሚያዝያ 24 ቀን አካባቢ፥ ሁለተኛው በነሐሴ 5 ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ ጭቃው በበዛበት፥ ሰውም እሳት ዳር በሚቀመጥበት በዚያ በነሐሴ መጀመሪያ፥ ፀሐይ ከደመናው በላይ በአናት ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች ማለት ነው። የኤውሮፓ ሰው የሚበርደው ፀሐይ ስትርቀው ነው፤ የሐበሻ ደገኛ ግን ፀሐይ በራሱ ላይ ቆማ ሳለች ይበርደዋል፤ የሚያበርደው የደመናው ጥላና የረጠበው ምድር ነው። ጥላው በተገፈፈ ጊዜ ፀሐይዋ ገና ከፍ እንዳለች ትገኛለች። ውሃ ለማትነን ትውል የነበረችውም ኀይል፥ ምድሩ ሲደርቅ አየሩን ወደ ማሞቅ ትዞራለች። በሌሊት ደግሞ ደመና የሌለው ሰማይ ምድሪቱ የቀኑን ሙቀት እንድትለቅ ስለሚያደርጋት፥ ቀኑ ሲሞቅ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የቀኑና የሌሊቱ ቁጥር ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል ምንም ያልተለወጠ ያስመስለዋል፤ በአማካይ ቁጥር ብቻ የሚመራ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነው።

የደመናው መገፈፍ ምክንያት ከኤርትራ ወሰን ርቆ የሚገኝ ነው። ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ ነፋስና ከሰሜን በረሓ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ የሚጋጠሙበት ሰፊ መሥመር አለ። ይህ መሥመር ፀሐይን ተከትሎ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ይወጣና ሱዳንን ከወገብዋ በላይ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደን በኩል፥ ከሕንድ ውቅያኖስም በኩል የተነሣው እርጥበት ወደ ደጋው ይደርሳል፤ ተራራው ሲያነሣውም ወደ ዝናብ ይለወጣል። መሥመሩ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ወደ ደቡብ ሲመለስ አስቀድሞ የሚለቀው የሰሜኑን ጫፍ ነው። ኤርትራ የምትገኘው በዚሁ ጫፍ ላይ ስለሆነ፥ ዝናቡ ወደ እርስዋ ዘግይቶ ይመጣል፥ ከእርስዋም ቀድሞ ይሄዳል። በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ፥ በኢሉባቦርና በከፋ፥ በጥቅምትም ዝናብ አለ፤ አዲስ አበባ በመስከረም ገና ዣንጥላዋን አላጠፈችም። በአሥመራ ግን የዓመቱ ዝናብ 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ፥ ከዚህ ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ፥ መስከረም የሚሰጠው ከነሐሴው ሩቡን እንኳ አይሞላም።

ቤተ ክርስቲያን በቀመርዋ ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ትቈጥራለች። ቀመሩ ለሰፊው አገር የሚስማማ ነው፤ የሰሜኑ ደጋ ገበሬ ግን መዝሙሩ ስለ ዝናብ ሲያወሳ እርሱ በደረቅ ማሳ መካከል ቆሞ መስማቱን ለምዶታል።

ለአስተዳዳሪ ዋናው ቁም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጤፉ፥ ስንዴውና ገብሱ ዝናቡ ከገባ በኋላ ተዘርተው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ያብባሉ፥ ያፈራሉ። በዚያ ጊዜ የሚወርዱት ሁለት ወይም ሦስት ዝናቦች፥ በሐምሌ ከወረደው ጐርፍ ሁሉ ይልቅ የፍሬውን ክብደት ይወስናሉ። ደመናው በነሐሴ 15 ቀን ቢገፈፍና በመስከረም 5 ቀን ቢገፈፍ መካከሉ ሃያ አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በጐተራ ውስጥ ግን ይህ ልዩነት ቤተ ሰብን እስከ ሚያዝያ በሚያደርስና በጥር በሚያልቅ እህል መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ለከተማ ሰው የምሥራች የሚመስለው የመስከረም ሙቀት፥ አፈሩ ቀጭን በሆነበት ማሳ ላይ ከሥሩ የቀረችውን እርጥበት ይመጥጣል። በዋልካ አፈር ላይ የተዘራው ይታገሣል፤ በድንጋያማው ተረተር ላይ የተዘራው አይታገሥም። ባንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ሁለቱ ጐን ለጐን ስላሉ፥ ለወረዳው ሁሉ አንድ ግምት ጽፎ ማስተላለፍ ለመዝገብ ቤቱ ቢመች እንጂ ለሕዝቡ አይጠቅምም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አዝመራን ከመኪና መስኮት መገመት ነው። ዝናቡ ቀድሞ የሄደበት ማሳ በመስከረም አጋማሽ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴና የተመቸ ይመስላል፤ አገዳው ቆሟል፥ ዘለላውም ወጥቷል። ወርዶ ዘለላውን በእጁ ያሸ ሰው ብቻ ፍሬው ወተት ሳይቋጥር መኰማተሩን ያውቃል። ይህን የሚያውቅ የወረዳ ገዥ በመስከረም መጨረሻ የጻፈው ደብዳቤ፥ ችግሩ ከታወቀ በኋላ በየካቲት ከሚጻፈው ብዙ ደብዳቤ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በመስከረም እህል ከወደብ ለማስመጣት፥ ከብቱም ሳይከሳ ለመሸጥ ገና ጊዜ አለ።

የዚህን ከባድነት በቅርብ ያሳየው በኤውሮፓ አቈጣጠር የ2015 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በፓስፊክ ውቅያኖስ ወገብ ላይ ያለው ውሃ ከወትሮው እጅግ ሞቆ፥ ኤል ኒኞ የሚባለው ሁኔታ በርትቶ ነበር። ኤል ኒኞ በሆነ ዓመት የሰሜን ኢትዮጵያና የኤርትራ የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፤ በ2015ም ብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ዝናብ አጣ፤ በዚያው ዓመት በዲሴምበር የአስቸኳይ ርዳታ ያስፈልገዋል ተብሎ የተነገረው ሕዝብ በኢትዮጵያ ብቻ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። የ1997ቱ ኤል ኒኞ ደግሞ ሌላ ጠባይ አሳየ። ክረምቱ ከቀነሰ በኋላ፥ ሰማዩ ጠርቶ መታጨድ በሚገባበት በኦክቶበርና በኖቬምበር ያልተጠበቀ ዝናብ በኢትዮጵያ ወርዶ በታጨደውና ሊታጨድ በቀረበው አዝመራ ላይ ጉዳት አደረሰ። ስለዚህ ክረምት ቶሎ መውጣቱ እንደሚጐዳ ሁሉ፥ ወጥቶ መመለሱም ይጐዳል።

የወቅት ትንበያ የሚሰጠው ይህን ሁሉ በመመልከት ነው። ለምሥራቅ አፍሪቃና ለአፍሪቃ ቀንድ የአየር ጠባይን የሚከታተለው ማዕከል በ1989 ዓመት በናይሮቢ ተቋቁሟል፤ ከ1998 ጀምሮም ከየአገሩ የመጡ ባለሙያዎች ወቅቱ ከመግባቱ በፊት እየተሰበሰቡ ለመጪው ወራት የጋራ ትንበያ ያወጣሉ። የትንበያው ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ በስሕተት ሲተረጐም ይሰማል። ባለሙያዎቹ ያለፉትን ብዙ ዓመታት ዝናብ በሦስት እኩል ክፍል ይመድቡታል፤ ከመደበኛ በላይ፥ መደበኛ፥ ከመደበኛ በታች ብለው። ስለ መጪው ወቅት ምንም የሚያውቁት ነገር ባይኖር ኖሮ ለእያንዳንዱ ክፍል 33 ከመቶ ያህል ይሰጡ ነበር። እንግዲህ ለምሳሌ «ከመደበኛ በታች የመሆኑ ዕድል 45 ከመቶ ነው» የሚል ትንበያ ቢወጣ፥ ዝናቡ በ45 ከመቶ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ድርቅ ሆነ ማለትም አይደለም። ከመቶው ሃምሳ አምስቱ አሁንም በመደበኛና ከመደበኛ በላይ በሆኑት በኩል ነው። ሚዛኑ ከ33 ወደ 45 መዛነፉ ግን ልብ ለሚል ሰው ከባድ ነገር ነው።

ይህን አነጋገር ከጸሐፊ ይልቅ ነጋዴ ቶሎ ይረዳዋል። ነጋዴ ዕቃ ሲያዝ መርከቧ በእርግጥ ትደርሳለች ብሎ አይደለም፤ ብትደርስ የሚያገኘውን፥ ባትደርስ የሚያጣውን አመዛዝኖ ነው። በደጋው የእህል ዋጋ በክረምት፥ ያለፈው አዝመራ በሚያልቅበት ጊዜ ይወጣል፤ አዲሱ አዝመራ ከኅዳር በኋላ ወደ ገበያ ሲገባ ይወርዳል። እንዲህ ስለሆነ በመስከረም የሚሰማ አንድ የሙቀት ወሬ ባለ መጋዘኑን እህሉን አቆይ ወይስ ሽጥ በሚል ፈተና ላይ ይጥለዋል። ወሬውን ብቻ ሰምቶ የቈለፈ ሰው፥ በመስከረም ሁለት ዝናብ ከወረደ በጥር ይጸጸታል። ወሬው የተመሠረተው በትንበያ ላይ ከሆነም ትንበያው ስለ ወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ የሚናገር ነው ወይስ ዝናቡ ስለሚያቆምበት ጊዜ? ብሎ መጠየቅ አለበት። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ በሐምሌ ከመጠን በላይ ዘንቦ በነሐሴ አጋማሽ ያቆመ ክረምት በጠቅላላው ቁጥር «መደበኛ» ተብሎ ይመዘገባል፥ ማሳውን ግን ባዶ ያስቀረዋል።

ከአሥመራ አፋፍ ተነሥቶ በነፋሲትና በጊንዳዕ በኩል ወደ ምጽዋ የሚወርድ ሰው፥ በሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከአንድ የዓመት ወቅት ወደ ሌላው ይሻገራል። አየር በየመቶ ሜትሩ ከፍታ ሁለት ሦስተኛ ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ የታወቀ ስለሆነ፥ በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚጠበቀው ልዩነት 15 ዲግሪ ያህል ነው። በተግባር ግን እንዲህ አይደለም። በነሐሴ አሥመራ 21 ዲግሪ ተኩል ላይ ስትሆን ምጽዋ 40 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ ልዩነቱ ወደ 19 ይጠጋል። በጥር ግን አሥመራ 22፥ ምጽዋ 29 ሆነው ልዩነቱ ወደ 7 ይወርዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በነሐሴ ደጋው በደመና ሥር ሲሆን ጠረፉ በፀሐይ ሥር ነው፤ በጥር ደግሞ ደጋው በፀሐይ ሥር ሆኖ ጠረፉ ደመናና ዝናብ ያገኛል።

ከዚህ የተነሣ «ከለስላሳ ወደ ሙቀት» የሚለው ቃል ወደ ምጽዋ ሲደርስ ይገለበጣል። በምጽዋ መስከረም ከነሐሴ ይልቅ አንድ ሁለት ዲግሪ ይቀንሳል፥ ጥቅምትም ወደ 35 ዲግሪ ይወርዳል። ይሁንና መስከረም ለወደቡ ሠራተኛ ዕረፍት ነው ለማለት አይቻልም። ውሃ ከየብስ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚሞቅ ዘግይቶም ስለሚቀዘቅዝ፥ በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል የባሕሩ ፊት በዚህ ወራት 31 ወይም 32 ዲግሪ ሆኖ ይገኛል። ከእርሱ የሚነሣው እርጥበት ሌሊቱን ያፍነዋል፤ ላብ ከገላ ላይ አይደርቅም። ለደጋ ሰው 38 ዲግሪ ከ40 ዲግሪ የተሻለ መስሎ ይታየዋል፤ ከረጢት በትከሻው ተሸክሞ ከመርከብ ወደ መጋዘን የሚመላለሰው ግን ልዩነቱን የሚያውቀው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ሥራውን ከጎሕ በፊት ጀምሮ በረፋድ ማቆም፥ ማታም መቀጠል በጠረፉ ላይ እንደ ስንፍና ሊቈጠር አይገባውም።

ኢጣልያኖች በ1885 ምጽዋን ከያዙ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከዚያው ሆነው ሲገዙ ሙቀቱ ሹሞቻቸውን አሠቃይቷል። ዋናው ከተማ ወደ አሥመራ የተዛወረው ከ1897 እስከ 1907 ገዥ በነበረው በፈርዲናንዶ ማርቲኒ ዘመን ነው፤ ለዚህም የደጋው አየር አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ከደጋው ወደ ወደቡ የሚወርደው ምድር ባቡር በ1911 አሥመራ ሲደርስ፥ የሁለቱ አየር ጠባይ ነዋሪዎች ባንድ ቀን የሚገናኙ ሆኑ። ከምጽዋ በስተደቡብ በደንከል ዝቅተኛ ምድር ያለው ሙቀት ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው፤ በኢትዮጵያ በኩል ባለው በዳሎል ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው የዓመት አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ስለ ሆነ፥ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ በዓለም ይጠቀሳል።

በመስከረምና በጥቅምት መካከል የባሕሩ ነፋስም ይለወጣል። በበጋው የኤውሮፓ ወራት ነፋሱ በቀይ ባሕር ርዝመት ሁሉ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ከጥቅምት ጀምሮ ግን በደቡቡ ክፍል ከባብ ኤል መንደብ በኩል የሚገባው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይበረታል፤ ሁለቱ በሚጋጠሙበት አካባቢም ደመና ይከማቻል። የሳምቡክ መርከበኛ ይህን የሚያውቀው ከማንም መግለጫ በፊት ነው። የጨው ነጋዴም ቢሆን ሊያውቀው ይገባል፤ የባሕር ውሃ በገበታው ላይ የሚደርቀው በሚያቃጥለው ወራት ስለሆነ፥ ከኅዳር እስከ የካቲት የሚወርደው የጠረፉ ዝናብ፥ ትንሽም ቢሆን፥ ሳይሸፈን የቀረ ጨው ላይ ሲወርድ ትርፉን ይዞ ይሄዳል። የምጽዋ የዓመት ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም አመጣጡ ድንገተኛ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ግን ከምጽዋ በስተሰሜን ምዕራብ በሽዕብ ሜዳ የሚደረገው እርሻ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ በክረምት ዝናብ አይወርድም፤ አየሩም እሳት ነው። ነገር ግን በደጋው ላይ የወረደው የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በሸለቆው ተሰብስቦ በድንገት ጐርፍ ሆኖ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም በማታ ወይም በሌሊት ነው። ገበሬዎቹ ከአፈር፥ ከድንጋይና ከቅርንጫፍ የሠሩት አግም የሚሉት ግድብ ጐርፉን ከወንዙ አስቶ በየማሳው ያሰራጨዋል፤ ውሃው ሲበረታ ግድቡ ይፈርሳል፤ እንደገናም ይሠራል። ጐርፉ ይዞት የመጣው ደለል ውሃውን እንደ ጋን ይይዛል። ማሳው ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠጣ በኋላ፥ በመስከረም መጀመሪያ አካባቢ ማሽላ ይዘራበታል፤ ያም ማሽላ ከሰማይ አንዲት ጠብታ ሳያገኝ በምድር ውስጥ ባለው እርጥበት ብቻ ያድጋል፤ ከታጨደም በኋላ ከጉቶው ዳግመኛ ያቈጠቁጣል። እንግዲህ ለሽዕብ ገበሬ የመስከረም ትንበያ ትርጉሙ የመጨረሻው ጐርፍ መጣ ወይስ ቀረ የሚል ነው። ስለ ሙቀቱ አይጠይቅም፤ ሙቀቱ ሁልጊዜ አለ። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የረጠበው አፈር ከላይ ሳይሰነጠቅ ፈጥኖ አርሶ መሸፈን ነው፤ በዚህ ላይ አንድ ሳምንት መዘግየት የሚያስከፍለውን እርሱ ከማንም ይልቅ ያውቃል።

በስተምዕራብ፥ በባርካና በጋሽ በኩል ባለው ቈላ፥ «ከለስላሳ ወደ ሙቀት» የሚለው ቃል በእውነተኛ ትርጉሙ ይገኛል። ከወሰኑ ማዶ በከሰላ የተመዘገበው እንደሚያሳየው፥ የቀኑ ሙቀት በነሐሴ ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ በጥቅምት ወደ 38 ዲግሪ ይመለሳል። የጋሽ ወንዝ በክረምት ብቻ የሚፈስ ነው፤ በላይኛው ክፍሉ መረብ ተብሎ ከደጋው ይነሣል፥ በተሰነይ በኩል አልፎም ባሕር ሳይደርስ በከሰላ ሜዳ ላይ ተበትኖ ይቀራል። በተሰነይ አጠገብ በአሊ ግድር የተመሠረተው የጥጥ እርሻ የቆመው በዚሁ ወንዝ ጐርፍ ላይ ነበር። ወንዙ ሲጐድል በአሸዋው ላይ የሚቀሩት ኩሬዎች ከሚመለሰው ሙቀት ጋር ለወባ ትንኝ የተመቹ ስለሆኑ፥ በቈላው ምዕራብ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። በባሕሩ ጠረፍ ግን ዝናቡ በሌላ ወራት ስለሚወርድ የወባው ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት ይሆናል። መድኃኒትና አጐበር ለሁለቱም አውራጃዎች ባንድ ቀን የሚልክ ጽሕፈት ቤት፥ ለአንዱ ዘግይቶ ወይም ለሌላው ቸኵሎ መላኩን ማወቅ አለበት።

አንበጣም ይህን መለዋወጥ ይከተላል። የበረሓ አንበጣ በክረምት በሱዳንና በኤርትራ ምዕራባዊ ቈላ ይራባል፤ የዚያ ምድር ሣር በጥቅምት ሲደርቅ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይሻገራል፤ በዚያም የጠረፉን ዝናብ አግኝቶ እንደገና ይራባል። በ2019 እና በ2020 በምሥራቅ አፍሪቃ ላይ የወረደው መንጋ ከመዛመቱ በፊት በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ከተራባ በኋላ ነበር። የምሥራቅ አፍሪቃ መንግሥታት በ1962 የጋራ የአንበጣ መከላከያ ድርጅት ያቋቋሙት፥ መንጋው ወሰን የማያውቅ መሆኑን ስላወቁ ነው። በጥቅምት የምዕራቡ ቈላ ሣር ከወትሮው ቀድሞ መድረቁን የሚያስታውቅ አንድ መልእክት፥ ለምሥራቁ ጠረፍ አስተዳዳሪ የማንቂያ ደወል ነው።

ለቆዳና ለሌጦ ነጋዴ፥ ለበርበሬ ነጋዴም የመስከረም ፀሐይ ሁለት መልክ አላት። በክረምት እርጥበት ይሻግት የነበረው ቆዳ አሁን መድረቅ ይችላል፤ ነገር ግን በመሬት ላይ ተዘርግቶ በቀትር ፀሐይ የደረቀ ቆዳ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ይበሰብሳል፥ ፋብሪካም ሲገባ ይቀደዳል። በጥላ ሥር በእንጨት ላይ ተወጥሮ የደረቀው ዋጋውን ይይዛል። እህልም ቢሆን በደጋ ደርቋል ተብሎ ወደ ምጽዋ መጋዘን ሲወርድ፥ የጠረፉ አየር እርጥበቱን መልሶ ያጠጣዋል፤ ከ13 ከመቶ በላይ እርጥበት ያለበት እህል በዚያ ሙቀት ለነቀዝና ለሻጋታ ምቹ ነው። ስለዚህ ወደብ ላይ የሚቆይበትን ቀን ማሳጠር ከመጋዘኑ ኪራይ ይልቅ ያዋጣል።

በምሥራቁ ቁልቁለት፥ ከአሥመራ አፋፍ በታች፥ በፍልፍል ሰለሞና አካባቢ ያለው ደን ከሁለቱም ወቅት ይጠጣል፤ በክረምት ከደጋው፥ በኅዳርና ከዚያ በኋላ ከባሕሩ። በጥንት ልማድ የሐማሴንና የአካለ ጉዛይ ገበሬዎች ደጋው ሲደርቅ ወደዚህ ቁልቁለት እየወረዱ ሁለተኛ አዝመራ ያበቅሉ ነበር፤ የሳሆ ከብት አርቢዎችም በክረምት ወደ ደጋ፥ በበጋ ወደ ጠረፍ ይመላለሳሉ። የመስከረም ሙቀት ደጋውን ሲያደርቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ከብቱ ጠረፉ እስኪዘንብ ድረስ በምን ይቆያል የሚል ነው። በነዚህ ስድስትና ሰባት ሳምንቶች የላዩ ሣር አልቋል፥ የታቹም ገና አልበቀለም፤ በየጕድጓዱ ላይ ጠብ የሚነሣውና ለወረዳ ዳኛ ክስ የሚበዛበትም ጊዜ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ባንድ ጠዋት ከባሕሩ የተነሣ ጉም የጊንዳዕን ሸለቆ ሞልቶ ወደ ነፋሲት ሲወጣ ይታያል፤ እረኞቹም ያን ጊዜ ከብቱን ወደ ታች ይነዳሉ።